በር ላይ የቀረችው ሴት

ስልክ ልጆቻችንን ከመጽሐፍ ነጠቀብን ይባላል። ውሸት ነው። ሰው የሚነጠቀው የያዘውን ነው። እኛ ጉለሌ ያደግን ሰዎች መጽሐፍ ይዘን አናውቅም፤ መጽሐፍ ነበረን እንጂ። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

የእኛ ቤት ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ባለ መስታወት ቡፌ አለ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለእንግዳ የሚወጡ ብርጭቆዎች፣ ከሥር አባቴ የገዛቸው መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ሁለቱም የሚወለወሉት በበዓል ዋዜማ ነው፤ ልዩነቱ ብርጭቆዎቹ በበዓሉ ዕለት ይወጣሉ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ በአገጩ ወደ ቡፌው ይጠቁምና «ንባብ ጥሩ ነው» ይላል። እንግዳውም «እንዴታ!» ይላል። ውይይቱ በዚሁ ይዘጋል። የአባቴ ጓደኞች በሙሉ ያነበቡ ይመስሉ ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ሰው አንባቢ ለመባል የሚያስፈልገው መነጽርና ረዘም ያለ ዝምታ ብቻ ነበር።

እናቴ ደግሞ ሬዲዮ ነበራት። ትረካ ሲጀምር ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ይዛ ትቀርባለች፤ ጎረቤቶችም ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ተራኪው ድምፁ ሲሰበር እነሱም ይሰበራሉ። ሲያልቅ የሚወራው ስለ ድምፁ ነው፤ «አቤት አነጋገሩ! ልብ ይነካል» ይባላል። የደራሲው ስም ሲነሳ አንድም ቀን አልሰማሁም። ያም ሆኖ እናቴ ቢያንስ ትሰማ ነበር። ከአባቴ ቡፌ የእናቴ ሬዲዮ የተሻለ አንባቢ ነበር።

ይህን የምለው ጆሮን ለመውቀስ አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ተማሪ ወረቀት ሳይነካ ከመምህሩ አፍ ሰምቶ ብዙ ሊማር ይችላል። ግን እዚያ ግማሹን ይዞ «ተምሬአለሁ» ብሎ የሚወጣ የለም። ሲሳሳት ይመለሳል፣ እንደገና ይላል፣ እስኪጨርስ ድረስ ይቀጠቀጣል። የእኛ በሽታ መስማት አይደለም። የእኛ በሽታ ሳይጨርሱ መነሳት ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ስልክ አላስተማረንም።

ያስተማረን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥነ ጽሑፍ የተማርን ሰዎች ነን፤ ያውም በማዕረግ የተመረቅን አለን። አንድ ልብ ወለድ ሲሰጠን ከክፍሉ የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ፈተናው እስከ የት ነው?» የሚል ነበር። መምህሩ ይነግረናል፤ እኛም ደስ ይለናል። ከነዚያ ልብ ወለዶች አንዱ ነው ይህን የሚያስጽፈኝ። ርዕሱን አልናገርም። ብናገር ግማሻችሁ «እሱንማ አንብቤዋለሁ» ትላላችሁ፤ እናንተን ደግሞ የመታገስ ግዴታ የለብኝም።

ያንን መጽሐፍ አብራኝ የተማረች አንዲት የሰፈሬ ልጅ ዛሬ እዚያው ቀጨኔ ባለ የግል አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ፀጉሯ የሸበተው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ስማ፣ አንድ ነገር ታደርግልኛለህ» አለች፤ ሰላምታ የሚባል ነገር አታውቅም።

«ምን?»

«የወላጆች ቀን እንግዳ ሆነህ ትመጣለህ። ትቀመጣለህ፣ ፈገግ ትላለህ፣ መጨረሻ ላይ ስለ ንባብ ሁለት ደቂቃ ትናገራለህ።»

«ፈገግታው ይከብደኛል።»

«አውቃለሁ፣ ፊትህን ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ግን ሥነ ጽሑፉን ሊያነሱት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተዳደር የአሥራ አንደኛ ክፍልን የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ አንስቶ በቦታው «የዲጂታል ይዘት ፈጠራ» የሚባል ትምህርት ሊያስገባ አስቧል። ውሳኔውን ለወላጆች ትቶታል፤ በዚያው ቀን እጅ አውጥተው ይመርጣሉ። ከምርጫው በፊት የእሷ ተማሪዎች ያነበቡትን ልብ ወለድ እንዲያቀርቡ ተፈቅዶላታል። ወላጆቹ ከወደዱት ክፍለ ጊዜው ይቆያል።

«ካልቆየስ?» አልኳት።

«ወደ አምስተኛ ክፍል ያወርዱኛል። እጅ ጽሕፈት። በዚህ ዕድሜዬ ‹መስመር አትልቀቁ› እያልኩ ልሙት? እባክህ እንዳትቀር። ደግሞ ነገር እንዳትፈልግ።»

«የትኛውን መጽሐፍ ነው የሚያቀርቡት?»

ነገረችኝ። ያው የዩኒቨርሲቲያችን መጽሐፍ ነው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ያንን መጽሐፍ መስጠት ድፍረት ይጠይቃል፤ ለካ ጓደኛዬ ውስጧ ገና አልሞተም አልኩ በልቤ።

በቀጠሮው ቀን የኮብልስቶኑን ዳገት እያለከለክሁ ወጣሁ። ቅጥሩ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ከንግግሩ ይልቅ ፉጨቱ ይሰማል። አዳራሹ በር ላይ አንዲት ተማሪ ማዳመጫ ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ ቆማለች። ደረቴ ላይ የለጠፉልኝን «እንግዳ» የሚል ወረቀት አየች።

«ጋሼ፣ እንግዳው እርስዎ ነዎት? አቅራቢዋ እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ጎሽ። ምን እየሰማሽ ነው?»

«መጽሐፉን። ልከልሰው ብዬ። በአንድ ነጥብ አምስት ፍጥነት ነው የምሰማው፤ ሰውዬው ሲያነብ ይንቀራፈፋል።»

ዩቲዩብ ላይ የተተረከ ነው። ተማሪው በሙሉ ያንን ነው የሰማው።

«ወረቀቱንስ አይተሽዋል?»

«ሚስ ጋ አለ። ግን ጋሼ፣ ሰውዬው የሚያስለቅሰው ቦታ ላይ ሙዚቃ ያስገባል። ወረቀቱ ላይ ሙዚቃ የለም።»

እውነቷን ነው፤ ወረቀት ላይ ሙዚቃ የለም።

«እርስዎ ሲናገሩ ግን እንዳይረዝም፣ እሺ ጋሼ?» ብላ ገባች።

ዝግጅቱ ተጀመረ። ልጆቹ ከካርቶን ሰው የሚያህል ቁልፍ ቆርጠው፣ ወርቃማ ወረቀት ለብጠው መድረኩ ላይ አቁመዋል። ልጅቷ ማይክራፎኑን ይዛ ታሪኩን ተናገረች፤ ደግሞም አሳምራ። አንዲት ሴት ባሏ ርቆ ሄዶ ሞቷል ይባላል። የባሏ ወንድም ከቤቷ ያስወጣታል። ሴትዮዋ ሰው ቤት እየሠራች፣ እየተንከራተተች ብዙ ዓመት ከቆየች በኋላ የቤቷን ቁልፍ ታገኛለች። በዝናብ ውስጥ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው።

«መጽሐፉ እዚህ ላይ ያልቃል» አለች ልጅቷ። «ደራሲው ትግባ አትግባ አልነገረንም። ለምን? በሩ የእያንዳንዳችን በር ስለሆነ ነው። ቁልፉ ተስፋ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላዬ የነበረች እናት በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ወጣቱ ዳይሬክተር በስልኩ ይቀርጻል። ቀጥሎ ልጆቹ ከትረካው ቪዲዮ ሥር ሰዎች የጻፉትን አስተያየት በፕሮጀክተር አሳዩ፤ «እንዲህ ያለ አጨራረስ በሕይወቴ አልሰማሁም»፣ «ደራሲው ሊቅ ነው፣ ለእኛ ተወው» የሚሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ በእንባ ምስሎች የታጀበ። መምህርቷም ወጣች። «ይህ ክፍት መጨረሻ ይባላል» አለች። ስለ በር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ቁልፍ ተናገረች። በእውነት ጥሩ ተናገረች።

እኔ ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱም መጽሐፉ እዚያ አያልቅም። ከዚያ በኋላ ስድስት ምዕራፍ አለ። በሩ ይከፈታል። እኔ ደግሞ የጓደኛዬን ፊት ሳየው እየዋሸች አልነበረም። ታምናለች። ለእሷም መጽሐፉ በሩ ላይ ነው ያለቀው።

ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ተቀበለ። «አሁን ወደ ድምፅ አሰጣጡ ከመግባታችን በፊት ክቡር እንግዳችን አጭር አስተያየት ይሰጡናል።» መምህርቷ ከመድረኩ ጥግ በዓይኗ «ፈገግ በል» አለችኝ።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው አልኩ። አቀራረባቸው ያማረ ነው አልኩ። ቀጥዬም መጽሐፉ እዚያ አያልቅም አልኩ።

ፊት ለፊት የተቀመጡ ሱፍ የለበሱ አባት ከወንበራቸው ወደፊት አዘነበሉ። «እና ምን ሆነች?» አሉ፤ በጉጉት፣ እንደ ልጅ።

ተናገርኩ። ሴትዮዋ በሩን ትከፍታለች። ሞተ የተባለው ባሏ ውስጥ ነው። አልሞተም፤ ከወንድሙ ጋር ተስማምቶ ነው የጠፋው። አሁን ታሟል፣ ወንድሙም ትቶታል፣ የሚያስታምመው የለም። ሴትዮዋ አንድ ክረምት ታስታምመዋለች፤ ገላውን ታጥበዋለች፣ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ አንባቢው ይቅር አለችው ብሎ ያስባል። ከዚያ አንድ ጠዋት ንጹሕ ልብስ ታለብሰዋለች፣ ደግፋ ቤተ ክርስቲያን በር ትወስደዋለች፣ ከነዳያኑ መካከል አስቀምጣው ትመለሳለች። ቤቷ ትገባለች፣ እራቷን ትበላለች፣ ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች። የመጽሐፉ የመጨረሻ ነገር የሴትዮዋ ጥሩ እንቅልፍ ነው።

«ውይ!» አለች እንባዋን የጠረገችው እናት፤ እንባዋን መልሳ ልትወስደው የፈለገች ትመስል ነበር።

«ባሏን? የሰማንያ ባሏን?» አሉ ሱፍ የለበሱት አባት። «ያውም ደጀ ሰላም ወስዳ?»

ከወዲያኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሱ፤ ጉልበታቸው ላይ በዚፕ የሚዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። «እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ነው ያለሁት። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን ነው ለልጆቻችን የምታስተምሩት? በቀል?»

«እህታችን ልክ ናቸው!» አሉ ሱፍ የለበሱት። ጾምና ጸሎት የማያገናኛቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ልብ ወለድ ላይ ተስማሙ። ሥነ ጽሑፍ ሕዝብን ያቀራርባል የሚባለው ይኼ ይሆናል።

«ልጆቹ የጨረሱት ይሻላል» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ተጨበጨበለት።

አቅራቢዋ ልጅ ቁልፉን እንደተደገፈች ወደኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ያንን ክፍል የተረከው ሰው አለ?»

«የለም።»

«እ... እንግዲያው በቃ» አለችና ትከሻዋን ሰበቀች። ለእሷ ያልተተረከ ነገር አልተጻፈም።

ድምፅ ተሰጠ። ክፍለ ጊዜው ይነሳ ያሉት እጆች ይቆይ ካሉት እጅግ ይበልጡ ነበር፤ መቁጠር አላስፈለገም። ልብ በሉ፤ መምህርቷ መጽሐፉን አልጨረሰችም ብሎ የተቆጣ ወላጅ አልነበረም። ይህን ያስተዋለ ራሱ አልነበረም። የተቆጡት መጽሐፉ ውስጥ በተጻፈው ነገር ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት ሥነ ጽሑፍን የወደዱት ውስጡ ምን እንዳለ ስላላወቁ ነበር።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ተከትያት ገባሁ። ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው።

«ደስ አለህ?»

«አጨራረሱን አታውቂውም ነበር።»

«ምን ማለት ነው አታውቂውም? ይኸው መጽሐፉ!» ከመሳቢያዋ አወጣችና ፊቴ ጣለችው። በስፓይራል የተጠረዘ፣ ጠርዙ የጠቆረ ፎቶ ኮፒ ነው። ወደ መጨረሻው ገለጥኩ። ሴትዮዋ በር ላይ ቆማለች፤ አራት ነጥብ። ቀጥሎ የፕላስቲኩ ሽፋን ነው።

«ይህን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከየት ይመጣል? ከዩኒቨርሲቲው በር ፎቶ ኮፒ ቤት ነዋ። ሁላችንም ከዚያ አይደል የገዛነው?»

ያኔ ገባኝ። ፈተናው እስከ አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ነበር። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ ተማሪ የማይፈልገውን ወረቀት አያባዛም። መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ የቀረው ያ የተቆረጠው ነው፤ ከተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከመምህር ወደ መምህር ሲባዛ የኖረው። ማታ ቤቴ ገብቼ የትረካውን ቪዲዮ ከፈትኩት። ተራኪው ጠረጴዛው ላይ የዘረጋው ያንኑ ስፓይራል ነው። እሱም የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ እንደሆነ መግቢያው ላይ በኩራት ይናገራል።

እኔ ሙሉውን ያነበብኩት ትጉህ ስለሆንኩ አልነበረም። መጽሐፉ የአባቴ ቡፌ ውስጥ ነበረ። ስገልጠው ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር፤ ከእኔ በፊት ማንም እንዳልነካቸው ያስታውቁ ነበር።

እንግዲህ ስልኩን ተጠያቂ አድርጉት። ስልኩ የሰጠነውን ነው የመለሰልን። ግማሽ መጽሐፍ ሰጠነው፤ ግማሽ መጽሐፍ መለሰ፣ ያውም ሙዚቃ ጨምሮበት። እናውቀው የነበረውን አንድም ነገር አልደበቀብንም።

በዚያን ቀን ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ጓደኛዬ ግን ለፍልስፍና ጊዜ አልነበራትም።

«እሺ፣ አንተ መጨረሻውን አወቅህ። ምን ጠቀመህ? ልጆቹ አልቅሰው ነበር እኮ። አንተ የጻፍከውን አንብቦ ያለቀሰ ሰው አለ?»

«የለም።»

«አየህ። ቢያንስ ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«መጨረሻውን እንደማታውቂ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው ያወቅሁት። ግን ቀድሜ ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጠረገችው። «ለልጆቹ አልነግራቸውም ነበር» አለች።

ይህ ከሰማኋቸው የሥነ ጽሑፍ ትንታኔዎች ሁሉ ሐቀኛው ነው።

ሰፈር ውስጥ ጨካኝ ተባልኩ። «ሁለት ደቂቃ ፈገግ ብትል ምን ትሆናለህ?» ያሉኝ አሉ። ጥርሴን ብቻ አሳይቼ ብመጣ ጓደኛዬ ክፍሏ ውስጥ ትቆይ ነበር፤ አውቃለሁ። በየዓመቱም አዳዲስ ልጆች በር ላይ ስለቆመች ሴት እያለቀሱ ያልፉ ነበር። ሰው ይህን ሥነ ጽሑፍን ማዳን ይለዋል። እኔ ሬሳን በንጹሕ አንሶላ መሸፈን እለዋለሁ።

የዲጂታል ይዘት ፈጠራ ክፍለ ጊዜ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጉብኝታቸው ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነበር፤ ቪዲዮውን ዳይሬክተሩ ራሱ ላከልኝ፣ ቂም እንደሌለው ለማሳየት ይመስለኛል። እዚያ ከየዛፉ ሥር ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ልጆቹ አንድ ዛፍ ፊት ቆመው ስለ ዛፉ ጥቅም በስሜት ይናገራሉ። ከጀርባቸው ያለው ሰሌዳ በጥራት ይነበባል፤ የሚናገሩት ስለ ሌላ ዛፍ ነው። ከሥር ያሉት አስተያየቶች የምስሉን ጥራት ያደንቃሉ። አዲሱ ትምህርት ከድሮው ብዙም አልራቀም፤ ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ስለተነሳ አላዘንኩም። ልዩነቱ ይኼኛው በካሜራ መሆኑ ነው።

ጓደኛዬን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሸጎሌ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋት። አምስተኛ ክፍል ናት። ጣቶቿ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። የአባቴን ሙሉ መጽሐፍ ልኬላት ስለነበር ጨርሳው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አልከፈትኩትም» አለች። «አምስተኛ ክፍል ውስጥ ምን ያደርግልኛል?»

«ለራስሽ።»

«ለራሴ?» ሳቀች፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «ለራሴማ የኔዋ ሴትዮ ገና በር ላይ ናት። እሷን ተዋት፤ አንተ ደግሞ ነዳያን ጋ ልትወስድብኝ ነው?»

ታክሲው መጣ። ጋቢና ገባች። እኔ ሌላ ጠበቅሁ።

ክፍሏን ያሳጣት እኔ ነኝ ይላሉ። በእርግጥ የተናገርኩት እኔ ነኝ። እጃቸውን ያወጡት ግን በዚያ አዳራሽ የነበሩት ናቸው፤ እጃቸውን ያወጡትም ሆነ ያላወጡት አንድም መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አልዘለቁም። ነገ ይኸው ጥያቄ አንተ ልጅህን የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ይመጣል። ሥነ ጽሑፍ ይነሳ ወይስ ይቆይ ብለው ይጠይቁሃል። ቢነሳም ቢቆይም ግድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ፦ ከጀመርከው መጽሐፍ አንዱን እንኳ ካልጨረስክ፣ እጅህን አታውጣ።